ለእማ በስምሽ ያነበብሁላት ወረቀት

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ እታለም ዘይነት፣ እንደምን ከርመሽልኛል፣ ጤናሽስ፣ ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ፣ በረኪናው የላጠው እጅሽ ቆዳ መለሰ ወይ፣ ማዳምሽ ሌሊት እንኳ እንቅልፍ ትሰጥሻለች ወይ። እኔ አንቺን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እጅሽ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። እኛን ካልሽ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን፣ እማም አለች፣ እኔም አለሁ፣ ከጤናችን በቀር ግን ደህና ነው የምልሽ ነገር የለኝም እና ይሄን ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ማዳምሽ ስልክሽን ከቀማችሽ ወዲህ ድምፅሽን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ እሱም በሰው ስልክ፣ እሱም እየተቆራረጠ። አሁን የምነግርሽ ደግሞ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አይዶለም። ይሄን የምታመጣልሽ ሰሚሐ ናት፣ የወረታዋ ልጅ፣ ለአረፋ ቤተሰቧን ልታይ መጥታ ነበር፣ ነገ ማታ ወደ ሪያድ ትመለሳለች፣ ጉያዬ ውስጥም ይዤ ቢሆን አደርስልሻለሁ ብላኛለች። ፅሑፌን ታውቂዋለሽ፣ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍሁም፣ ስፈራ ደግሞ እጄ ይሮጣል፣ የተጣመመውን አንቺው አቃንተሽ አንብቢው።

የቤቱን ነገር ላስቀድምልሽ። ግንቦት አራት ቀን የመራዊ ፍርድ ቤት ለአጎታችን ለኢስሀቅ ፈረደለት። ሱቁም፣ ከሱቁ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ክፍሎችም፣ ግቢውም የሱ ነው ተባለ። ያ «ወንድሜ ሳይሞት በፊት ሸጦልኛል» ብሎ ያመጣው ወረቀት አለ አይደል፣ ሁለት ሰው ቀርቦ አዎ ሲሸጥለት አይተናል ብሎ መሰከረለት፣ አለቀ። አባ ያሳደገው ሰው እኮ ነው እታለም፣ አባ ጫማ የገዛለት፣ ሚዛን መያዝ ያስተማረው። ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ የጣት አሻራ ነው። አባ እኮ ይፈርማል፣ የዱቤ መዝገቡን በገዛ እጁ እየፃፈ የኖረ ነጋዴ በምን ምክንያት ጣቱን ያትማል። ቀኑንም ብታይው አባ እዚህ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ የነበረበት ቀን ነው፣ እኔ ነበርሁ አስታማሚው፣ ከአልጋው አልተነሳም።

ይሄን ሁሉ ነቅሰው ያወጡት እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው፣ እኔ የምሠራበት የነፃ ጥብቅና ቢሮ ጠበቃ። መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው አዩትና «ኢኽላስ፣ ይግባኝ ካልን ይሄ ወረቀት አይቆምም፣ የእናትሽም ፊርማ የለበት» አሉኝ። ይግባኙ የሚገባው እዚሁ ባሕር ዳር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው፣ ጊዜው ስድሳ ቀን ነው፣ ሐምሌ አራት ያልቃል። ዛሬ ሰኔ ሃያ አራት ነው፣ አስር ቀን ቀረን። ሐምሌ አራት ካለፈ ኢስሀቅ ፖሊስ ይዞ መጥቶ እማን ያስወጣታል፣ ካሁኑ ሱቁን በገመድ ሲለካ ጎረቤት አይቶታል።

ታዲያ ድርጅቱ በነፃ ይከራከርልናል አላልሽም ወይ ትይኛለሽ። እሱ ነው እኮ። ድርጅቱ ሊዘጋ ነው እታለም።

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የዚያን ቤት ወለል ስጠርግ፣ ሻይ ሳፈላ፣ ባለጉዳይ ሲበዛ ተራ ሳስይዝ ያላየሁት ጉድ የለም። ከሐይቁ ዳር ቅርብ ስለሆነ ጠዋት መስኮት ስከፍት የደንገሉ ሽታ ይገባል፣ ከሽታው ጋር ሰው ይገባል። ባሏ ለልጆቿ ቀለብ የከለከላት ትመጣለች፣ ያለ ደሞዝ የተባረረች የቤት ሠራተኛ ትመጣለች፣ በታንኳ እንጨት ሸጦ የሚያድር ሽማግሌ ልጆቹ መሬቱን ቀምተውት ይመጣል። ስድስት ጠበቃ ነበረን። ማመልከቻ ይፅፉላቸዋል፣ ፍርድ ቤት ይቆሙላቸዋል፣ የታክሲ የሌለውን የታክሲ ይሰጡታል። አንድ ሰው አምስት ሳንቲም ክፈል አይባልም ነበር። እኔ ታዲያ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም፣ ከቧንቧ እንደሚወርድ ውኃ ነበር የሚመስለኝ።

ጥር ላይ ከውጭ አገር የሚልኩት ሰዎች አንድ ገፅ ደብዳቤ ላኩ፣ ካሁን ወዲያ አንልክም የሚል፣ ምክንያትም የለው፣ አይዟችሁም የለው። የካቲት ላይ ሁለት ጠበቃ ሄደ፣ መጋቢት ላይ ሦስት። መኪናዋ ተሸጠች፣ ጀነሬተሩ ተሸጠ፣ እትዬ ፀሐይወርቅ የከተማውን ነጋዴ በየሱቁ ዞረው ለመኑ፣ የመጣው የሁለት ወር የቤት ኪራይ እንኳ አልሞላም። እሳቸው ከመጋቢት ወዲህ ደሞዝ አልወሰዱም። የእኔን ግን አላስቀሩብኝም፣ ይሄን እወቂላቸው።

አንድ ቀን ለማህሌት፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ሻይ ሳስገባ ደፍሬ ጠየቅኋት። «ባንክ ውስጥ ሁለት መቶ ሺህ ብር አለ ስትሉ ሰምቻለሁ፣ የእናቴን የዳኝነት ከሱ አትከፍሉልኝም ወይ» አልኋት። የዳኝነት የሚባለው መዝገብ ሲከፈት ፍርድ ቤት የሚቀበለው ክፍያ ነው፣ የኛ ቤት ግምቱ ከፍ ስለሚል ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ይሆናል ብለውናል፣ ድሮ ለድሃ ድርጅቱ ይከፍለው ነበር። ማህሌት ሳቀች፣ የደስታ ሳቅ አይዶለም። «ያ ብር ስም አለው ኢኽላስ፣ ሌላ ለጋሽ ለበራሪ ወረቀት ብሎ የላከው ነው፣ ለሌላ ነገር አንድ ብር ባወጣበት የምታሰረው እኔ ነኝ፣ ያኔ ማን በነፃ ይከራከርልኛል» አለችኝ። ካላወጡትም መልሱ ይባላሉ፣ ስለዚህ አሳተሙት። አምስት ሺህ በራሪ ወረቀት መጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መብትዎን ይወቁ የሚል፣ ችግር ሲገጥምዎ ወደ ቢሯችን ይምጡ የሚል፣ አድራሻችን ከነስልኩ ያለበት። ኮሪደሩ ላይ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፣ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ቢሮው ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ባለጉዳይ እየጠራን ፋይሉን ስንመልስ ከረምን። ስም የምጠራው እኔ ነኝ፣ እያስፈረምሁ የምሰጠውም እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ እኔን የከዳሁት ይመስል እኔን ያየኛል። አለበል የሚባል ጥበቃ የነበረ ሰውዬ አለ፣ ሥራ ላይ እጁ ተሰብሮ ካሳ ሳይሰጡ ያባረሩት። ፋይሉን ብሰጠው አልቀበልም አለ። «ይሄን ወስጄ የት ላስቀምጠው፣ ቤቴ ያፈሳል፣ እዚሁ ይቀመጥልኝ» አለኝ። ቢሮው እኮ ይዘጋል ጋሼ አልሁት። «እንግዲያማ አብሮ ይዘጋበት፣ እኔ ጋ ከሚበሰብስ እዚህ ቢቆለፍበት ይሻለዋል» አለ እና ወንበር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ፈረመ። ውጭ ዝናብ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ በደህናው እጁ ኮቱን አወለቀ፣ ፋይሉን ጠቀለለበት፣ ራሱ እየረጠበ ሄደ።

ለእኛ አንድ መንገድ ቀርቶ ነበር። እትዬ ፀሐይወርቅ «ቢሮው ቢዘጋ የጥብቅና ፈቃዴ አልተዘጋም፣ በነፃ እቆምላታለሁ፣ እናትሽ ብቻ ከቀበሌዋ የድህነት ማስረጃ ታምጣ፣ እሱ ካለ የዳኝነቱ ይቀርላታል» አሉኝ። ማስረጃውን የሚሰጠው ሦስት ሰው ያለበት የቀበሌ ኮሚቴ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ይቀመጣል። እማ ጋ ደወልሁ። «እማ፣ ስትሄጂ ያንን የቤት ቀሚስሽን ልበሽ፣ ወርቅሽን አውልቂ፣ ሲጠይቁሽ የለኝም በይ» አልኋት። «የለኝም ማለትን ማን አስተማረሽ» አለችኝ፣ ዘጋችው።

የመራዊ መንገድ እንደሆነ አንድ ቀን ክፍት ሦስት ቀን ዝግ ነው፣ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ግን ተከፍቶ ስለነበር በሚኒባስ ሄድሁ። ስደርስ ምን ለብሳ ባገኛት ጥሩ ነው፣ አንቺ በመጀመሪያው ዓመት የላክሽላትን ጥቁር አባያ፣ ያ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተሰፋውን። ሒና ተቀብታለች፣ የጆሮ ወርቋን አድርጋለች። እማ ምነው ብላት «ሰው ፊት ልቆም አይዶለም ወይ፣ የሙሀመድየሱፍ ሚስት ተዋርዳ መጣች ይበሉኝ እንዴ» አለች። ቀበሌ ስንገባ ገባኝ። ከሦስቱ አንዱ አባ ዘካ ሲያወጣ ከደጃችን ተሰልፎ ይቀበል የነበረ ሰው ነው፣ እማ በገዛ እጇ እህል ሰፍራ የሰጠችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያየው። «መተዳደሪያ አለሽ ወይ እናቴ» አላት ቀስ ብሎ።

እማ ቀና አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ሪያድ ናት፣ ወር በመጣ ቁጥር ትልክልኛለች» አለች። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ፈታች እና ስምንት የባንክ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረችው። ማንም ስሙን አላየም፣ ብሩን ብቻ ነው ያዩት።

እታለም፣ የስሙን ነገር ልንገርሽ። አንቺ ማዳምሽ ደሞዜን ከለከለችኝ ያልሽኝ ጥቅምት ላይ ነው፣ ለእማ እንዳትነግሪ ብለሽ ወላሂ አስብለሽኛል፣ እኔም አልነገርኋት። ግን ወር ሲያልቅ እማ በር በሩን ታያለች። ዘይነት ረሳችኝ እንዴ አለችኝ አንድ ቀን፣ ድምፅዋን ብትሰሚው። ከዚያ ከደሞዜ፣ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶው ላይ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶውን በሷ ደብተር አስገባሁላት፣ ወረቀቱንም ወሰድሁላት። «ከማን ይላል፣ አንብቢልኝ» አለችኝ። ስሙ በፈረንጅ ፊደል ነው፣ ኢኽላስ ሙሀመድየሱፍ ይላል። ዘይነት ሙሀመድየሱፍ ይላል አልኋት። «የቱ ጋ» አለችኝ፣ ጣቷን ይዤ አሳየኋት፣ ስሙን ሳመችው። እንዲህ እያደረግን ስምንት ወር ሆነ። አሁንማ ስሙ የሚፃፍበትን ቦታ እኔ ሳላሳያት ታውቀዋለች።

የኮሚቴው ፀሐፊ ገቢ አላት ብሎ ሲፅፍ እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያንቺን መሐላ ፈርቼ ይሁን የእማን ፊት ፈርቼ አላውቅም፣ ቃሏን ሳልናገር አባያዋን ከኋላ አየሁት። ስንወጣ «አየሽ፣ ሳልዋረድ ወጣሁ» አለችኝ፣ ክንዴን ይዛ።

ኢስሀቅ በማግሥቱ ሰምቷል። ባለፈው ዓርብ እዚህ ድረስ መጥቶ ከቢሮው በር ላይ ጠበቀኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ፈገግ ብሎ ነው። «እንዴት ነሽ ጠበቃዋ፣ መጥረጊያሽን ለማን ልታወርሺ ነው» አለኝ። «ነፃ ጠበቃ ለድሃ ነው፣ እናትሽ ደግሞ አለኝ ብላ በሰው ፊት ተናግራለች፣ ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ» አለኝ። ቀጥሎ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «መንገዱ ክፉ ነው ልጄ፣ ብቻሽን አትመላለሺ» አለኝ። ምክር ይሁን ሌላ ይሁን አልለየሁትም። ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ዳር መሄድ ትቼ በገበያው በሰው መሐል ዞሬ እገባለሁ፣ ከኋላዬ ሰው ሲያስል እንኳ ቆሜ አሳልፈዋለሁ።

ትናንት ለእትዬ ፀሐይወርቅ ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ያንቺንም የእኔንም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ መነፅራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹት። «ወረቀቶቹ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው» አሉ። የኔ ነው አልኋቸው። «እንግዲያው ገንዘቡ ካንቺ ደሞዝ እንደወጣ ወረቀቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ደሞዝሽ ደግሞ በዚህ ወር ቆመ፣ አዲስ ማስረጃ ከመጣለት ኮሚቴው መልሶ ያየዋል፣ ግን አመልካቿ እናትሽ ናት፣ እዚያው ቆማ መስማት አለባት» አሉኝ። መነፅራቸውን መልሰው አድርገው ደግሞ «በትክክል ማንበብ ያለብሽ አንቺው ነሽ» አሉኝ።

ከዚያ ማህሌት ስንብቴን ፃፈችልኝ። ኢኽላስ ሙሀመድየሱፍ በፅዳት ሠራተኛነት በወር ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ስታገለግል ቆይታ በበጀት እጥረት ከሰኔ ሠላሳ ጀምሮ ተሰናብታለች ይላል። ማህተሙን ስትመታው ቀለሙ ደርቋል፣ እፍ እፍ ብላ ደግማ መታችው። «የዚህ ቢሮ የመጨረሻ ደብዳቤ ያንቺ ሆነ» አለችኝ። ሰው ከሥራ ተባረርሽ ሲባል ያለቅሳል፣ እኔ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ከትራሴ ሥር አድርጌው አደርሁ፣ እንዳይጠፋብኝ፣ ድሃ ነኝ ብዬ የማሳየው ሌላ ነገር የለኝም።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ በመኪና፣ ዝግ ከሆነ ከነገ ጀምሬ በእግሬ መራዊ እገባለሁ። እማን ስለ ቤቱ አንድ ጥያቄ ቀርቷል ብዬ ወረቀቶቿን አስይዤ እወስዳታለሁ። ቤት ውስጥ አስቀድሜ ልንገራት ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ከነገርኋት አትሄድም፣ አውቃታለሁ፣ ቤቱ ይቅርብኝ ትላለች፣ የልጄን ችግር ሰው ፊት አላሰጣም ትላለች። ስለዚህ እዚያው፣ በዚያ ሰውዬ ፊት፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ እንደተፃፉት አነባቸዋለሁ። ኢኽላስ እላለሁ፣ ስምንት ጊዜ። «ታዲያ ዘይነትስ» ትለኛለች። እማ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ቤቱ አይሆንም። ያኔ አልተከፈላትም እማ፣ ስልኳንም ተቀምታለች እላታለሁ።

ፍቀጂልኝ ብዬ ልፅፍልሽ ነበር፣ ግን ይሄ እጅሽ ሲገባ ሐሙስ አልፏል። ይቅር በይኝ ነው የምልሽ። ቤቱ ይመለስ አይመለስ አላውቅም፣ እትዬ ፀሐይወርቅም እርግጠኛ ነኝ አላሉም፣ እማ ግን ክረምት መሐል ደጅ ከምትወድቅ አንቺም እኔም ብናፍር ይሻላል ብዬ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት አለ። ጀርባው ላይ እትዬ ፀሐይወርቅ ደሞዝሽን ለማስመለስ ኤምባሲ ሄደሽ ምን እንደምትጠይቂ፣ የትኛውን ወረቀት እንደምትይዢ በእጃቸው ፅፈውልሻል። ፊቱን አትይው፣ በዚያ አድራሻ ሰው የለም።

እትዬ ፀሐይወርቅ አይዞሽ ብለውሻል። ማህሌት ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። አከራዬ እማማ ሰብለ ወንጌል «ልጅቱ እህል ትብላ፣ የሰው አገር ሰው ያከሳል» ብለውሻል። እኔም ላንቺ፣ አብራሽ ለምትተኛው ለኬንያዊቷ ልጅ፣ ስልኳን አውሳሽ ለነበረችው ለጎረቤትሽ ለሐበሻዋ ብዙ ሰላም ብያለሁ። እማ ሰላም ብላሻለች ግን ልልሽ አልችልም፣ መፃፌን አታውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ስሜ ላይ የሳመችው አንቺን ነው፣ እሱን ተቀበይልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የመስጊዱን ኡስታዝ ወላሂ ብሎ የማለ ሰው መሐላውን ቢያፈርስ ምን ያድርግ ብዬ ጠየቅሁት። አሥር ሚስኪን ያብላ አለኝ። ማብላት የማይችልስ አልሁት። የማይችል ሦስት ቀን ይፁም አለኝ። ማስረጃ አምጪ አላለኝም። ካፈረስሽ በኋላ ትጀምሪዋለሽ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን ሐሙስ በሩ ላይ ስደርስ እንዳልመለስ ብዬ ፆሙን ዛሬ ጀምሬዋለሁ። ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነው።

እህትሽ ኢኽላስ ሙሀመድየሱፍ
ባሕር ዳር፣ ማክሰኞ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.